የመዝገብ ቤት ሠራተኛው በምን ይመዘናል?

ጉዳይ ይዤ በዳባትና በደባርቅ መካከል ስመላለስ ከዳኛው ይልቅ አብዝቼ የማገኘው ሬጅስትራሩንና የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን ነው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የሚቀርበውም ከውሳኔው ግልባጭ ጋር ነው። ግልባጩ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ ከ60ው ቀን 14ቱን አጣ ማለት ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመዘናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አንዱ ቅጽ በዓመቱ አጋማሽ፣ ሌላው በሰኔ መጨረሻ ይሞላል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል፤ የደባርቅና የዳባት ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በክልሉ ሕግ ነው። ከቢፒአር ቀጥሎ ቢኤስሲ ከመጣ ወዲህ ቅጹ እቅድንና ክንውንን በቁጥር ያነጻጽራል፤ ለባህርይም ነጥብ አለው።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። የተከፈተ፣ የተላከ፣ የተገለበጠ መዝገብ ይቆጠራል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሬጅስትራሩ ሥርዓቱን ያልጠበቀ አቤቱታ አልቀበልም ማለት ይችላል። ማንበብ ለማይችል ገበሬ ምክንያቱን አስረድቶ፣ በር ላይ ወደ ተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ መልሶ፣ ተስተካክሎ ሲመጣ መቀበል ግማሽ ቀን ይፈጃል። በቅጹ ላይ ግን ያው አንድ መዝገብ ነው። በእኔ እምነት ግልባጭ በስንት ቀን እንደተሰጠና ስንት መዝገብ ተፈልጎ እንደጠፋ ቢጠየቅ ምዘናው ወደ እውነቱ ይጠጋ ነበር።

እስከዚያው ሠራተኛው የራሱን ማስታወሻ ይያዝ። በዓመቱ መካከል ወደ ሌላ ችሎት ከተዛወረ እቅዱን በጽሑፍ ያስከልስ፤ አለበለዚያ በማይሠራው ሥራ ይመዘናል። ባልተስማማበት ውጤት ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይፈርም፤ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም ሳይዘገይ ያመልክት።

ዕድገትን በተመለከተ ጥሩ ነጥብ ብቻውን አያሳድግም። ደመወዝ የተያያዘው ከሥራ መደቡ ደረጃ ጋር በመሆኑ መጀመሪያ ክፍት መደብ መገኘት አለበት፤ ትምህርት፣ ልምድና የምዘና ውጤት የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው። በትንሽ የወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራሩ ካልለቀቀ ከሥሩ ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ዳኛ መሆን ለሚመኝ ደግሞ የሕግ ዲግሪ ያስፈልገዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ከደባርቅ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ከሥራ በኋላ ተሳፍረው የሚማሩበት አይደለም። የማውቃቸው ወጣት ጸሐፊዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የደረጃ ዕድገት ሳይሆን ወደ ጎንደር ዝውውር ነው።