አባ ጎርጎርዮስ እና የእኛ ማመልከቻ



ባለፈው እሁድ እዚሁ ኪሊማኒ አንዲት እህታችን ለምርምር ፌሎውሺፕ የጻፈችውን ማመልከቻ እንዳይላት ሰጠችኝ። ሁለት ገጽ ነው። እንዴት እንደተሰደደች፣ ወረቀት ስንት ወር እንደጠበቀች፣ የቤት ኪራይ እንዴት እንደከበዳት ዘርዝራለች። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ሙያዋ ያለው ግን መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ። አልፈረድኩባትም፤ ሁለት ጊዜ «አልተመረጥክም» የተባልኩባቸው የእኔ ደብዳቤዎችም እንዲሁ ነበሩ።

የታሪክ መምህር ነኝና በታሪክ ላስረዳ።

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ የወሎ ምድር። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ አባም ከእነሱ ጋር ወግነው ነበርና ተሰደዱ። ዞረው ዞረው ሮም ገቡ፤ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ ተጠጉ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸው። ግዕዝ ከመጻሕፍት ተምሯል፤ የሚያርመው የቋንቋው ሰው ግን አጥቷል። አባ መምህሩ ሆኑ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸው፤ በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ አገራችን የተጠየቁትን መለሱ፣ ከሉዶልፍ ጋር ግዕዝና አማርኛ ሠሩ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የአባን ውለታም አልደበቀም። እሳቸው ግን አላዩትም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስደታቸው ያሳዝናል፤ መስፍኑ ደጅ ያደረሳቸው ግን እውቀታቸው ነው።

ዛሬም መንገዱ ብዙ አልተለወጠም። በ1933 ናዚዎችን ሸሽቶ ዙሪክ የገባው ሐኪም ፊሊፕ ሽቫርትስ ለተሰደዱ ምሁራን ሥራ ሲፈልግ፣ ኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገውን ሙያ ይዞ ነው የተደራደረው። በስሙ የሚጠራው የጀርመኑ የሁምቦልት ፋውንዴሽን ፕሮግራም ዶክትሬት ላላቸው ነው፤ ማመልከቻውንም የሚያስገባው ተመራማሪው ሳይሆን የሚቀበለው ተቋም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጋባዥ መፈለግ ነው፤ በእናንተ ዘርፍ የሚሠራ አንድ ፕሮፌሰር፣ ሥራውን አንብባችሁ የምትጽፉለት። የመጀመሪያ ዲግሪ ለምትፈልጉ ታናናሾቼ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ያለው የስደተኞች ኮሚሽን የዳፊ ስኮላርሺፕ አለ፤ የጊዜ ገደቡን ተከታተሉ።

እህታችን ደብዳቤዋን እንደገና ጻፈችው። አሁን የሚጀምረው ከወሎ ገበሬዎች ጋር ሦስት ዓመት ስላጠናችው የማሽላ ዘር ነው። ስደቷ አንድ አንቀጽ ሆኗል። ትመረጥ አትመረጥ ገና አናውቅም። እኔ ግን ሳነበው ማን እንደሆነች አወቅኩ።

ማመልከቻ የጀመራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ማታ ማታ አብረን እናየዋለን። እግዚአብሔር መንገዳችንን ያቅናልን።