ማሞቂያ ያልነበረው ጋቢና

ፎቶግራፎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ሾፌሩ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ፣ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከኋላው ሸራ የለበሰ፣ በገመድ የተጠፈረ ጭነት ይታያል። ለሌላ ሰው የአንድ ቤተሰብ ማስታወሻ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ከባድ መኪና ወዳጆች ግን ሰውዬውን ከማየታቸው በፊት ሰሌዳውን ያነባሉ። «ሲኬ» የሚሉ ፊደላት ካሉበት መኪናው ፕረስተን ከተማ የተመዘገበ ነው። ከ1963 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዓመቱን የሚናገር ፊደል በሰሌዳው መጨረሻ ይጨመር ስለነበር፣ መጨረሻው «ሲ» ከሆነ የ1965 ነው። ከሰሌዳው ወደ ራዲያተሩ ይወጣሉ። እዚያ በክብ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ «ኤ» ካዩ ነገሩ አለቀ፤ አትኪንሰን ነው፣ የዚያው የፕረስተን አካባቢ ልጅ።

ልጅ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የያኔው የእንግሊዝ መኪና የትውልድ ቀዬ ነበረው። ስካሜል የዋትፎርድ፣ ኤኢሲ የሳውዝሆል፣ ጋይ የዎልቨርሃምፕተን፣ ቶርኒክሮፍት የቤዚንግስቶክ፣ አልቢየን የግላስጎ ነው። ሌይላንድማ የከተማውም የፋብሪካውም ስም ነው። ይህ ፋብሪካ መኪኖቹን በአውሬ ስም ይጠራ ነበር፤ ባለ አራት አክስሉን፣ በየጎኑ አራት አራት ጎማ የተደረደረበትን፣ ኦክቶፐስ አለው። ስምንት እግር ካለው ፍጡር ሌላ ምን ስም ይገኝለታል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን በቼሺር ያለችው ትንሿ ሳንድባች ናት። እዚያ የፎደን ቤተሰብ በእንፋሎት የሚሄድ የጭነት መኪና እየሠራ ስሙን ተክሎ ነበር። የመሥራቹ ልጅ ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን ዘመኑ የናፍታ ነው ቢል ድርጅቱ በእንፋሎቱ ገፋበት፤ ሰውዬውም ጥሎ ወጣ። በ1933 እዚያው ሳንድባች ውስጥ በስሙ መነሻ ፊደላት ኢአርኤፍ የተባለ መኪና አወጣ፤ ሞተሩ የጋርድነር ናፍታ ነበር። የመጀመሪያው ሻንሲ ቁጥር አንድ አልተባለም፤ 63 ተባለ፣ የባለቤቱ ዕድሜ መሆኑ ነው። በጡረታ ዕድሜ ከአባቱ ቤት ጋር ገበያ የተሻማ ሰው ነው። የፈረደለትም መንግሥት ነው ማለት ይቻላል፦ በዚያው ዘመን ግብሩ በባዶ መኪና ክብደት ላይ ሲጣል፣ ቦይለር ተሸክሞ የሚዞረው የእንፋሎት መኪና ዋጋው ሰማይ ነካ። ፎደንም ሳይወድ ወደ ናፍታው ገባ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ፋብሪካዎች በአንዲት ትንሽ ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ተፎካከሩ።

በማንቸስተር አጠገብ ይሠራ የነበረው ጋርድነር የራሱ አምልኮ አለው። በ1958 የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ከ10 ሊትር በላይ ሆኖ 150 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ በደቂቃ ከ1,700 ዙር አያልፍም። ናፍታ ግን አይጠጣም። ዙሩም ቶሎ አይወርድለትም፤ ማርሽ የሚቀይር ሾፌር ፍሪሲዮን ረግጦ ባዶ ላይ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ይጠብቃል፣ ደግሞ ረግጦ ያስገባል። የቸኮለ ሾፌር ከጥርሶቹ መፋጨት ይታወቃል። (እኛ ይህን ሁሉ ፍሪሲዮንና ጋቢና እያልን የምናወራው ከጣሊያን መኪና ስለ ተማርነው ነው፤ አባቱ ኤንትሬ የነዳ አንባቢ ግን ያንን ጥበቃ ሳልነግረው ያውቀዋል።) በሌላ ወገን የኮመር ሞተር አለ፦ በ1954 የወጣ፣ ሦስት ሲሊንደር ውስጥ ስድስት ፒስተን ፊት ለፊት የሚገፋፉበት። ያደመጡት ሰዎች ፎቶውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያነሱት ያንን የሚያስተጋባ ጩኸት ነው።

ናፍቆቱ ግን አያታልለን። ሥራው መከራ ነበር። ብዙው ጋቢና ማሞቂያ አልነበረውም፤ ሾፌሩ በሞተሩ ሙቀትና ጉልበቱ ላይ በጣለው ጨርቅ ክረምቱን ይገፋል። የከባድ መኪና ፍጥነት እስከ 1957 ድረስ በሕግ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የ1930ው ሕግ ደግሞ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት ይከለክላል። ለንደንና ግላስጎ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሒሳቡ 20 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ማደር ግድ ነው። መሐል ላይ ደግሞ ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሻፕ ዳገት ይጠብቃል። በበረዶ ቀን መኪኖቹ እዚያው ታጉረው ያድራሉ። የኤም6 አውራ ጎዳና በ1970 ዳገቱን በሌላ በኩል ካለፈው በኋላ፣ በአሮጌው መንገድ ጫፍ ላይ ለሾፌሮቹ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። ደስ የሚለው፣ ድንጋዩ በበረዶ የተያዙትን ያበሉና ያስጠለሉ የአካባቢውን ሰዎችም ይዘክራል።

በ1967 ቮልቮ ወደ ብሪታንያ ገበያ ሲገባ ጋቢናው ይሞቅ ነበር፣ ማርሹም ያለ ትግል ይገባ ነበር። የአገሩ ሾፌር በወገንተኝነት ቀረ የሚል ካለ ተሳስቷል፤ አንዴ የቀመሰ አልተመለሰም። እኔም ብሆን አልመለስም ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን ደንበኛው ወረፋ ጠብቆ የሚገዛበት ዘመን የማያልቅ መስሏቸው ነበር። የኤኢሲ በር በ1979፣ የስካሜል በ1988 ተዘጋ። አሮጌዎቹን መኪኖች ለማቆየት የተነሱት ወዳጆቻቸው ግን ቀድመው ነቅተዋል፤ ማኅበራቸውን የመሠረቱት በ1958፣ ከለንደን ብራይተን የሚያደርጉትን ዓመታዊ ጉዞ የጀመሩት በ1962 ነው። ሌይላንድ ከተማም በ1983 የጭነት መኪና ሙዚየም ከፈተች።

ፎደንን በ1980 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው፤ የመጨረሻው ፎደን የተገጣጠመውም ሳንድባች ሳይሆን በተፎካካሪው ከተማ ሌይላንድ፣ በ2006 ነው። ኢአርኤፍ አንድ ዓመት ቆይቶ ተከተለው። በፎደን ስም ዛሬም የሚጠራ አንድ ነገር ግን አለ፦ በ1900 የተቋቋመው የነሐስ መለከት ባንድ። አሁንም በየውድድሩ ይጫወታል፣ ስሙም ያው ፎደን ነው።