ዓርብ እሳቱን ማን አጠፋው? የቀዝቃዛው የሰንበት ዳቦ ታሪክ

ዛሬ የማወራችሁ ታሪክ ነው፤ ግን የምጀምረው ከድስት ነው።

እዚህ አገር ሻባት ጠዋት ጎረቤት ብትገቡ፣ ዓርብ የተጣደ ትኩስ ምግብ አታጡም። ሞሮኮዎቹ ጋ ዳፊና፣ ኢራቆቹ ጋ ትቢት፣ የመኖቹ ጋ ጃሕኑን፣ ፖላንዶቹ ጋ ቾልንት አለ። የእኛ አያቶች ግን ጎንደርና ትግራይ ሳሉ ሰንበትን የሚውሉት በቀዝቃዛ ዳቦና በቀዝቃዛ ወጥ ነበር። ለምን?

ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ አንድ አስተማሪ ብጠይቅ፣ «ድሆች ስለነበራችሁ ይሆናል» ብሎኝ አለፈ። እስቲ መልሱን ዛሬ አብረን እንፈልገው።

ነገሩ ከኦሪት ይጀምራል። ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን በቤት ውስጥ እሳት ማንደድን ይከለክላል። ዓርብ የተቀጣጠለው እሳት ሳይጠፋ ቢያድርስ? መንገዱ የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። የሚሽና ሊቃውንት ፈቀዱ፦ ከሰንበት በፊት የነደደ እሳት ይደር፣ ምግቡም ሙቀቱን ይዞ ይቆይ አሉ። ቀራውያን የሚባሉት አይሁድ ደግሞ በሰንበት በቤት ውስጥ እሳት ጭራሽ መኖር የለበትም ብለው ተከራከሩ።

ከዚያች ፈቃድ ብዙ ዓይነት ምግብ ተወለደ። ትቢት ማለት ሩዝና ቅመም የተሞላች ዶሮ ናት፤ ስሟም በዓረብኛ «ማደር» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጃሕኑን ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ስብ ተቀብቶ ይጠቀለልና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ይበስላል። ከስፔን የተሰደዱት አይሁድ ልጆች እንቁላላቸውን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አሳድረው ቡናማ ያደርጉታል። አዎ፣ እኛ የምንጥለው ልጣጭ! በአውሮፓ ደግሞ ሰዎች የቾልንት ድስታቸውን ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ምድጃ ይወስዱ ነበር።

የስፔኖቹ ምግብ አዳፊና ይባላል። ቃሉ በዓረብኛ «መቅበር» ማለት ነው፤ ድስቱ ፍም ውስጥ ይቀበር ነበርና። እኛም እሳት «ዳፈነ» የምንለው ከዚሁ ሥር ነው።

ይህ ድስት ሰውን ለአደጋ አጋልጧል። ስፔን ውስጥ ብዙ አይሁድ ተገደው ከተጠመቁ በኋላ፣ በ1478 እ.ኤ.አ. ኢንኩዚሽን የሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ተቋቋመ። አንድሬስ በርናልዴዝ የተባለ የዘመኑ ጸሐፊ፣ እነዚህ ሰዎች የአይሁድ አበላላቸውን፣ አዳፊናቸውንም አልተዉም እያለ ይወቅሳቸዋል። ዓርብ የተጣደ ድስት ያየ ጎረቤት ሄዶ ሊጠቁም ይችል ነበር።

በሌላ በኩል በ12ኛው ክፍለ ዘመን ረቢ ዘራሕያ ሃሌዊ ምን ጻፉ መሰላችሁ? በሰንበት ትኩስ የማይበላ ሰው መናፍቅ እንዳይሆን ይመርመር አሉ። አያችሁ? አንዱ ጋ ትኩስ መብላት ያስከስሳል፣ ሌላው ጋ ቀዝቃዛ መብላት ያስጠረጥራል።

ቤተ እስራኤል ከዚህ ክርክር ሩቅ ነበሩ፤ ሚሽናና ታልሙድ እጃቸው አልገቡም። ኦሪትን በግእዝ ያነቡ ነበር። ዛሬ ሙሉው በግእዝ ብቻ የሚገኘው መጽሐፈ ኩፋሌም የሰንበት መብልና መጠጥ ዓርብ እንዲዘጋጅ ያዛል። ስለዚህ ዓርብ ሩጫ ነበር። ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል፣ ሰው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል። ከዚያ ጀንበር ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ጠዋት ዳቦው አባቶቻችን መስጊድ ወደሚሉት የጸሎት ቤት ይወሰድና ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል። ቡና የለም፤ ቡና እሳት ይፈልጋላ።

አሁን ወደዚያ አስተማሪ መልስ እንመለስ። ገጠር ያደገ ሰው ጠይቁ፤ ችግረኛ ቤት እሳት በከንቱ አይጠፋም። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈንና ጠዋት ተቆስቁሶ ይቀጣጠላል፤ ካልሆነም ከጎረቤት እሳት ይጫራል። በዚያ በደጋ ብርድ፣ ፍም እያለ ሆን ብሎ ማጥፋት ከባድ ነገር ነው። ልጅ ይበርደዋል፣ ሽማግሌ ይበርደዋል። ይህን በየሳምንቱ ያደረጉት ትእዛዙን እንደዚያ ስለተረዱት ነው። ቀዝቃዛው ዳቦ ኦሪትን የማንበብ አንድ መንገድ ነበር፤ ዋጋውንም በየዓርቡ ከፍለውበታል።

ከ1984 እና ከ1991 ዘመቻዎች ወዲህ በየቤታችን ፕላታ ገብቷል። ዶሮ ወጡም እሱ ላይ ያድራል። እኔም ትኩስ እወዳለሁ፣ ምን ይደረግ! ጃሕኑኑንም ዳፊናውንም ብሉ፤ ሁሉም ሰንበትን ለማክበር የተፈጠሩ ናቸው። ግን አንድ ሰው «እናንተ ሐሚን እንኳ አልነበራችሁም» ካላችሁ፣ አንገታችሁን አትድፉ። እሳቱን ለምን እንዳጠፋን ንገሩት።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት አያታችሁን፦ «እማማ፣ እናንተ ቤት ዓርብ እሳቱን የሚያጠፋው ማን ነበር? ሌሊቱንስ ብርዱን እንዴት ትችሉት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በስልካችሁ ቅዱት። ያንን ቀን የኖሩት ሰዎች ዛሬም አጠገባችን ናቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይኖሩም።

በሉ እስከሚቀጥለው ዝግጅት ቸር ሰንብቱ። ሰንበት ሰላም!