ወንዙን ያልጠየቀ ትራክተር

በመስከረም 2004 ዓ.ም. ጋምቤላ ውስጥ፣ ኢታንግና ጂካዎ አካባቢ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ወደ 12,000 ሄክታር የሚጠጋ በቆሎ ውኃ ዋጠው። የእርሻው ባለቤት ውኃውን ለመከላከል ረጅም የአፈር ግድብ አሠርቶ ነበር። ባሮና አልዌሮ ሞሉ፣ ግድቡ ተደረመሰ፣ በቆሎው ቀረ። ኩባንያው ኪሳራውን 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብሎ ገመተው።

ኩባንያው ካሩቱሪ ግሎባል ይባላል፤ መቀመጫው ሕንድ፣ ባንጋሎር ነው። ተራ ጀማሪ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው የጽጌረዳ አበባ ከሚያመርቱት አንዱ፣ ምናልባትም ቀዳሚው ነበር፤ ኢትዮጵያም ኬንያም ውስጥ የአበባ እርሻዎች ነበሩት። በጋምቤላ በ2003 ዓ.ም. ከፌዴራል መንግሥት ጋር በተፈረመው ውል 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተሰጠው፤ ይህን ካለማ ደግሞ ሌላ 200,000 ሊጨመርለት። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር። 100,000 ሄክታር ማለት የአዲስ አበባን ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ትራክተሩ፣ ዶዘሩ፣ ባለሙያው ከውጭ መጣ። ታዲያ ምን ጎደለ?

ዛሬ በየትልልቁ ኩባንያ «የቴክኖሎጂ ኃላፊ» የሚባል ወንበር አለ። በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ዋና ራስ ምታቱ ማሽን መግዛት ይመስለን ይሆናል። ማሽን ግን ገንዘብ ካለ ይገዛል። ከባዱ ሥራ አንድ ቦታ ላይ የሠራ ዘዴ ሌላ ቦታ ላይ ለምን እንደሚሠራ ወይም እንደማይሠራ ማወቅ፣ ይህንንም ገንዘብ ሳይፈስ በፊት ማወቅ ነው። ጋምቤላ ይህ ፈተና በመቶ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የታየባት አገር ስለሆነች ነው ታሪኳን የመረጥኩት።

መጀመሪያ ወንዙን እንወቀው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሞቃት ናት። የባሮ ውኃ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከላይ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ነው። ጎሬ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚደርስ ዝናብ ይወርዳል። ያ ሁሉ ዝናብ በገደላገደል ተንደርድሮ ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ድንገት ሜዳ ያጋጥመዋል። ከከተማዋ በታች መሬቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወንዙ የሚቸኩልበት ቁልቁለት የለውም። በዓመት በአማካይ ወደ 13 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ በከተማዋ በኩል ያልፋል፤ የመስከረሙ ፍሰት ከመጋቢቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። የወንዙ ቦይ ይህን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ ውኃው ግራና ቀኝ ይተርፋል፣ ከፊሉም እስከ ደቡብ ሱዳን የማቻር ረግረግ ድረስ ይሄዳል። ልብ በሉ፦ ጋምቤላ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው ሌላ ቦታ ነዋ! አፈሩም ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደግሞ ትራክተርን ጎማው ድረስ ይዞ አልለቅም ይላል።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። ከአንቀጾቹ አንዱ ኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ይፈቅዳል። የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ። በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ነበር፤ የዛሬዋ ከተማ የበቀለችው ከዚያ ጣቢያ ነው። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ ከዚያ በሶባት፣ ከዚያ በባሮ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ እየተጓዙ ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ፤ ቡናና ሌላውን ይዘው ይመለሳሉ።

የእንፋሎት መርከብ በዘመኑ ትልቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ችግሩ ባሮ ለመርከብ የሚበቃው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። የባሰው ደግሞ ሌላው ነው። ቡናውን ከጎሬ ደጋ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ለማውረድ የሚመቸው በጋው ነው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት ነው። እንግዲህ ቡናው በሚመጣበት ጊዜ መርከብ የለም፤ መርከቡ በሚመጣበት ጊዜ ቡና አይወርድም። እናንተ የጣቢያው ኃላፊ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መፍትሔው የማያስገርም ነገር ነበር፦ መጋዘን። በበጋ የወረደው ቡና ወንዙ እስኪሞላ መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል። መርከቦቹም ውኃው ጥልቀት ባይኖረውም እንዲንሳፈፉ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነበር። ሦስተኛው ነገር ለኔ ከሁሉ ይበልጣል፦ በቁጥር የተሰመረ የውኃ ከፍታ መለኪያ። ከ1897 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የባሮ ከፍታ ጋምቤላ ላይ ሲለካና ሲመዘገብ ቆየ። መርከቡ መቼ እንደሚገባ፣ በተለይም መቼ ሳይዘገይ መውጣት እንዳለበት የሚወስነው ውኃው ነበርና። ጊዜውን ያሳለፈ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

እነዚያን ሰዎች ለማሞገስ አይደለም ይህን ማንሳቴ። የመጡት ለእንግሊዝና ለሱዳን ጥቅም ነው፤ የወንዙ ዳር ባለቤት የሆነውን ሕዝብ ማንም አላማከረውም። ሥራቸውም ዘላለማዊ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ክረምት በጋ ሳይል ስለሚሠራ ብርቱ ተፎካካሪ ሆነባቸው፤ ከዚያም የጣሊያን ወረራና ጦርነት መጣ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፣ ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ያም ሆኖ ወንዙን ሊያሸንፉት ሳይሞክሩ በእሱ ቀጠሮ መሥራታቸው አይካድም።

ቀጠሮውን ደግሞ ከመለኪያው በፊት የሚያውቁት ነበሩ። አኙዋዎች በባሮ ዳር ውኃው ሲሸሽ የተወውን እርጥብ ደለል እየተከተሉ በቆሎ ይዘራሉ፤ ለነሱ ሙላቱ ማዳበሪያ አምጪ ነው። ኑዌሮች በክረምት ከፍ ወዳለው መሬት ይወጣሉ፣ በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ሣር ይወርዳሉ። በጋ ላይ መጥቶ ደጋውን ሜዳ ያየ እንግዳ «ይሄ ባዶ መሬት ነው» ሊል ይችላል። ባዶ አይደለም፤ ባለቤቱ ወቅቱን ጠብቆ ይመለሳል። የ2003 ዓ.ም. ውል በተፈረመበት ዘመን በክልሉ ሰዎችን በመንደር የማሰባሰብ ፕሮግራም ይካሄድ ነበር። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መሬት ለባለሀብት ለማስለቀቅ ነው ሲሉ ከሰሱ፣ መንግሥት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለማቅረብ ነው ሲል አስተባበለ። ክርክሩ በአንድ ጽሑፍ አያልቅም። ለኛ ርዕስ የሚጠቅመው ግን ይሄ ነው፦ ሰው ከቦታው ሲነሳ ስለቦታው የሚያውቀውም አብሮት ይነሳል።

የካሩቱሪን ነገር በዚህ መነጽር እዩት። አበባ የሚበቅለው በላስቲክ ቤት ውስጥ ነው። ውኃው በጠብታ፣ ማዳበሪያው በልክ፣ ሙቀቱ በቁጥጥር። እዚያ ቤት ውስጥ ኃላፊው ሁሉን ያዛል፤ ካሩቱሪም በዚህ የተካነ ነበር። ሜዳው ግን ጣሪያ የለውም። የአፈር ግድቡ ሜዳውን እንደ ላስቲክ ቤት ለመዝጋት የተደረገ ሙከራ ይመስለኛል። የባሮ የብዙ አሥርት ዓመታት የውኃ ልኬት ደግሞ ስለ ናይል ተፋሰስ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ታትሞ ተቀምጧል። መዝገቡ የትኛው ዓመት ጎርፍ እንደሚያመጣ አይነግርም፤ ሜዳው ራሱ የወንዙ ማራገፊያ መሆኑን ግን በግልጽ ያሳያል።

ጎርፉ ብቻውን ኩባንያውን ጣለው ማለትም ልክ አይሆንም። የገንዘብ እጥረት ነበረበት፤ ኬንያ ያለው የአበባ እርሻው በ2006 ዓ.ም. በአበዳሪ ባንክ እጅ ገባ። በጋምቤላ የለማው መሬት ከተሰጠው በጣም ጥቂቱ ነበር። መንግሥት ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ውሉን ሰረዘ።

እንዲህ ዓይነት ነገር የውጭ ባለሀብት ብቻ አይደለም የሚገጥመው። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ፤ ግድቡ ቆመ፣ ሊያጠጣው የታሰበው እርሻ ግን ለዓመታት ሳይመጣ ቀረ።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ እንደገና ከቦዩ ወጥቶ የጋምቤላ ከተማን ጨምሮ ብዙ ወረዳዎችን አጥለቀለቀ። በክልሉ ሜዳ ላይ ደግሞ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በየዓመቱ ውኃና ሣር እየተከተሉ ከደቡብ ሱዳን ይሻገራሉ፣ ይመለሳሉም።