በውጥረት የቆመ መንኮራኩር፦ የተጣመመ የሞተር ጎማ ምን ይነግረናል?

ሞተረኛ ጉድጓድ ውስጥ ዘው ብሎ ከወጣ በኋላ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ መንገድ ዳር የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ውሰደውና ቀጥቅጠው ያቃኑልህ»። መዶሻው ፈጣንና ርካሽ ይመስላል። ችግሩ፣ የሞተር ጎማ በመዶሻ ቀጥ የሚል ዕቃ አለመሆኑ ነው። ከ150 ዓመት በላይ ታሪክ ያለው፣ በውጥረት ሚዛን የቆመ ሥራ ነው። ይህን ሳይረዳ የሚጠግን ሰው ጎማውን ያዳነ መስሎት ነጂውን አደጋ ላይ ይጥላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጋሪ ነው። በእንጨት መንኮራኩር ላይ ጭነቱን የሚሸከመው ከታች ያለው ዘንግ ነው፤ እንደ ቤት ምሰሶ ተጨቁኖ ይቆማል። ምሰሶ እንዳይሰበር መወፈር አለበት፤ ሲወፍር ደግሞ ይከብዳል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ እ.ኤ.አ. በ1808 የበረራ መሣሪያ ሲያስብ ቀላል መንኮራኩር አስፈለገው። መፍትሔውን ያገኘው ነገሩን በመገልበጥ ነው፦ ወፍራም እንጨት ተጨቁኖ ከሚሸከም፣ ቀጭን ሽቦ ተወጥሮ ቢይዝስ?

ሐሳቡ ወደ መንገድ ለመውረድ 60 ዓመት ገደማ ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ1869 ፓሪስ ውስጥ ዩጂን ሜየር በተወጠረ ሽቦ የሚሠራ የብስክሌት ጎማ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ የኮቨንትሪው ጄምስ ስታርሊ ሽቦዎቹን ከመሐል ቀጥ አድርጎ ከማውጣት ይልቅ እርስ በርሳቸው እንዲቆላለፉ አዘነበላቸው። በዚህ ምክንያት ጎማው ሲገፋና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ጠምዛዛ ኃይል መቋቋም ቻለ። ዛሬ ብዙ ሞተሮች ላይ የሚታየው የራጂ አሰላለፍ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

የሚገርመው፣ የመጀመሪያው የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ከዚህ ዕውቀት አልተጠቀመም። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ ጀርመን ውስጥ የሠሩት ባለሞተር ብስክሌት የቆመው ብረት በለበሰ የእንጨት ጎማ ላይ ነበር። ዓላማቸው ሞተሩን መሞከር እንጂ ምቹ ብስክሌት መሥራት አልነበረም። ከ3 ዓመት በኋላ ጆን ዳንሎፕ ቤልፋስት ላይ በአየር የሚነፋውን ጎማ አስተዋወቀ። በኋላ የመጡት የሞተር ሠሪዎች የብስክሌቱን ራጂና የዳንሎፕን ጎማ አንድ ላይ ወሰዱ። ያ ጥምረት ለብዙ አሥርት ዓመታት ተፎካካሪ አልነበረውም።

ይህ ዕውቀት ወደ እኛ ሲመጣ ስሙን ይዞ ነው የመጣው። ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ራጂ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፍሬን፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ጣሊያን ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃላቱ ግን ከጋራዥ አልወጡም። አንድ ሙያ በቃላት ሥር ከሰደደ፣ መጽሐፍ ያላነበበም ሰው ከጌታው እያየ ሊማረው ይችላል ማለት ነው። የራጂ ጎማ ጥገናም በዚህ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው።

ሙያው የሚጀምረው ከምርመራ ነው። የሚንቀጠቀጥ ጎማ ሁሉ የተጣመመ አይደለም። ሞተሩ በማቆሚያው ላይ ቆሞ ጎማው ከመሬት ይነሳል፤ ከዚያ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ጎንና ጎን ይነቀነቃል። «ቋ፣ ቋ» የሚል ልልነት ካለ ጥፋተኛው ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የጎማው ላስቲክ ቸርኬው ላይ ዙሪያውን እኩል መቀመጡ ይታያል፤ አንድ ቦታ ጠልቆ ከተቀመጠ ቸርኬው ደህና ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይዘላል። እነዚህን ሳያጣሩ ቸርኬውን መንካት፣ ጥርሱን የታመመ ሰው ጆሮውን እንደማከም ነው።

ከዚያ የቸርኬው ተራ ይደርሳል። አንድ ሽቦ ጫፉ ቸርኬውን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ከጎኑ ይታሰርና ጎማው በቀስታ ይሽከረከራል። ክፍተቱ እየጠበበና እየሰፋ ከሄደ ቸርኬው ወደ ጎን ተጣሟል። ሽቦው ከላይ ሲያዝ ቸርኬው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ክብነቱን አጥቷል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የብዙ አምራቾች የጥገና መመሪያ በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈቅደው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የሚቀረው ራጂዎቹን ማዳመጥ ነው። በትንሽ ቁልፍ መታ መታ ሲደረጉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ እንደ ክራር ክር ጠርቶ ሲጮህ ሌላው የታፈነ ድምፅ ከሰጠ፣ የታፈነው ላልቷል ወይም ተሰብሯል። ቸርኬው ወደ ቀኝ ካጋደለ በዚያ ቦታ የቀኞቹ ራጂዎች ይላላሉ፣ የግራዎቹ ይጠብቃሉ። ወደ ውጭ ካበጠ ደግሞ የሁለቱም ጎን ራጂዎች እኩል ጠብቀው ወደ መሐል ይስቡታል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይኬድም፤ አንዱ ሲነካ የጎረቤቶቹ ሚዛን ስለሚቀየር እየዞሩ ደጋግሞ መለካት ግድ ነው። በመጨረሻም ወደ ውስጥ የዘለቀ የራጂ ጫፍ መኖሩ ይታያል፤ ካለና ካልተሞረደ ከመነዳሪውን ይበሳል።

ይህ ሙያ ወሰን አለው። ቸርኬው ራሱ በድንጋይ ከተጎደጎደ ወይም ከተሰነጠቀ ራጂ አያድነውም። በግድ ቀጥ እንዲል ራጂዎቹ ከልክ በላይ ከተወጠሩ፣ ቆይተው አንድ በአንድ መበጠስ ይጀምራሉ። ያኔ ሐቀኛ ጠጋኝ «ይቀየር» ይላል፤ ያልሠለጠነው መዶሻውን ያነሳል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን ሌላ ዓይነት ጎማ ተስፋፋ። ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ በተለምዶ አሎይ የምንለው፣ ራጂ የለውም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በየጊዜው ማጥበቅ አይፈልግም። ያለ ከመነዳሪም ስለሚሠራ ምስማር ሲወጋው ብዙውን ጊዜ አየሩ በአንዴ አያልቅም። ለአስፋልት የተሻለ ምርጫ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ዋጋው የሚታየው ሲጣመም ነው። የሚላላም የሚጠብቅም ነገር የለውም፤ የአምራቾቹ መመሪያ በአብዛኛው «ቀይሩት» ብሎ ያበቃል። በእሳት አሙቆ መቀጥቀጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በሙቀት ሕክምና የጠነከረ አሉሚኒየም ዳግም ያለ ልክ ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ሊደብቅ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሏል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ያብረቀርቃል። ስንጥቁ የሚገለጠው በሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ፣ በሙሉ ፍጥነት ነው።

ዓለምም ቢሆን ራጂን አልጣለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሆንዳ ሱፐር ከብ በራጂ ጎማ ነው ዓለምን ያዳረሰው፤ ምርቱም በ2017 ከ100 ሚሊዮን አልፏል። የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር በሞተር ያሸነፈው ያማሃ ባለ ራጂ ነበር። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ራጂዎቹን ወደ ቸርኬው ጠርዝ አውጥቶ፣ ራጂም ኖሮት ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ ለገበያ አቀረበ። እስከ ዛሬ ለአሸዋና ለድንጋይ የሚሠሩ ሞተሮች በአብዛኛው የሚመጡት በራጂ ነው።

ለእኛ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሞተር በኢትዮጵያ የወጣት መዝናኛ ብቻ አይደለም። በየክልል ከተማው ታክሲ ነው፤ በገጠር የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው እግር ነው። መንገዱ ደግሞ በአብዛኛው ጠጠርና አፈር ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሞተር የሚገዛ ግለሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ጉልበቱንና መልኩን ነው። «ጎማው ሲጣመም እዚያው ወረዳ ማን ያቃናዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ራጂ ሲሰበር መፍትሔው አንድ ቀጭን ሽቦና የሠለጠነ እጅ ነው። አሎይ ሲሰነጠቅ መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ ነው። ዕቃው እስኪመጣ ታክሲው ይቆማል፤ ወይም ከዚያ በባሰ ሁኔታ፣ በተቀጠቀጠ ቸርኬ ሰው ጭኖ ይሄዳል።

ራጂ የድሮ ዘመን ምልክት ነው ብሎ መናቅ ታሪኩን አለማወቅ ነው። አሎይን ለገጠር መንገድ የሚመርጥ ሰው ዘመናዊነትን ገዝቶ የመጠገን ሥልጣኑን እየሸጠ ነው። የጥገናው ሙያ ደግሞ ካልተሠራበት ይጠፋል፤ ክፍተቱ ከሩብ ዙር ሩብ ዙር እየጠበበ ሲሄድ አይቶ የሚያቆም ዓይን በአንድ ቀን አይሠራም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሞተር ጥገና ሲያስተምሩ ጎማ ማቃናትን ከኤንጂን እኩል ቢያስቡት አይበዛበትም። ኤንጂን ሲበላሽ ሞተሩ ይቆማል፤ ጎማ ሲበላሽ ግን የሚወድቀው ሰው ነው።