የውኃው ሕግ አዲስ አበባ፣ ጥሙ እብናት

የአሜሪካ መንግሥት መሐንዲሶች ዓባይንና ገባሮቹን ሊያጠኑ ኢትዮጵያ የገቡት በ1950 ዓ.ም. ነበር። ጊዜው ግብፅ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት የምትነሳበት፣ ዋሽንግተንም ለዚያ መልስ የምትፈልግበት ነው። በ1956 ዓ.ም. ባስረከቡት ባለ ብዙ ቅጽ ጥናት ውስጥ ከጉና ተራራ ተነስቶ ጣና የሚገባው ርብ ከጉማራና ከመገጭ ጋር ለመስኖ የሚገደብ ወንዝ ተብሎ ተመዝግቧል። ጥናቱ ዓይኑን የጣለው ውኃው በሚወርድበት ረባዳ ሜዳ፣ በፎገራ ላይ ነው። ርብን ከላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩት የደቡብ ጎንደሮቹ ፋርጣና እብናት በስሌቱ ውስጥ ተጠቃሚ አልነበሩም።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ለመንግሥት ውኃ ማለት መብራትና ሸንኮራ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውኃ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ወንዙን በኅብረተሰቡ ቁጥጥር ሥር አድርጎ ለቤት የሚቀዳውን ውኃ ከመስኖ ያስቀድማል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ በደጋው የጎንደር አገር ውኃን የሚዳኘው ሕጉን ያነበበ ዳኛ ሳይሆን የውኃ አባቱ መሆኑ ነው። የመስኖ ተራ የሚያወጣው፣ ቦዩን በዘመቻ የሚያስጠርገው፣ ተራ የሰረቀውን የሚቀጣው እሱ ነበር። አዲስ አበባም የውኃ አባቱን አላወቀችውም፤ እሱም አዲስ አበባን አልጠየቃትም።

መንግሥት ስለ መጠጥ ውኃ በቁም ነገር ማሰብ የጀመረው ከከተማ ተነስቶ ነው። የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ1963 ዓ.ም. ተመሠረተ። ደርግ በ1973 ዓ.ም. ብሔራዊ የውኃ ሀብት ኮሚሽንን ሲያቋቁም የመጠጥ ውኃውን፣ የግንባታውን፣ የልማቱንና የሚቲዎሮሎጂውን መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ። የተባበሩት መንግሥታትም ከ1981 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ያሉትን ዓመታት የመጠጥ ውኃ አሥርት ብሎ ሰይሞ ነበር። በወረቀት ሲታይ ዘመኑ የገጠሩ ዘመን ይመስላል።

እብናትን ዓለም ያወቃት ግን በዚያው አሥርት መካከል፣ በሌላ ምክንያት ነው። በ1977ቱ ድርቅ የተፈናቀለው ሕዝብ በእብናት ወደተከፈተው መጠለያ ጎረፈ፤ የውጭ ርዳታ ድርጅቶች እህልና ሕክምና ያቀርቡ ነበር። በሚያዝያ 1977 ወታደሮችና ካድሬዎች መጠለያውን በቀናት ውስጥ ባዶ አደረጉት። ከ30 ሺህ በላይ ሰው፣ ሕፃንና ድውይ ሳይለይ፣ በእግሩ ወደ መጣበት ተሸኘ፤ ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። የተሰጠው ምክንያት ክረምት ስለደረሰ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለስ የሚል ነበር። በአዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታትን የርዳታ ሥራ ይመሩ የነበሩት ኩርት ያንሰን ተቃወሙ፣ ዜናው ዓለምን አዳረሰ፣ ኮሎኔል መንግሥቱም ጥፋቱን በአካባቢው ሹም ላይ አላከኩ።

የእብናትን መጠለያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ወታደሮቹ ይጽፋሉ፤ ይገባልም። እኔ የምጠይቀው ግን ወደ ቤቱ የተሸኘው ሰው ከየት ይቀዳ ነበር የሚለውን ነው። ያን ጊዜ ኮሚሽኑ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ መሐንዲስም የጉድጓድ መቆፈሪያም ነበረው። ምንጩ የደረቀበትን ቀበሌ ቆጥሮ፣ ሰውን ከመሸኘት በፊት ውኃውን የሚያስቀድም አሠራር ግን አልነበረውም። ውኃ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ረሃብ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር።

ኢሕአዴግ ሲመጣ ሕጉ ተደራጀ። በ1987 ዓ.ም. የውኃ ሀብት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ1991 ዓ.ም. ፖሊሲው፣ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 197 ወጣ። አዋጁ የአገሪቱን ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ አወጣ። ፖሊሲው ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. የደብሊን ጉባኤ ያወጀውን፣ ውኃ ዋጋ ያለው ሀብት ነው የሚለውን ሐሳብ ወደ አገር ቤት አስገባ፤ ከተሜው ሙሉ ወጪውን፣ ገጠሬው የማስተዳደሪያና የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን። ለፓምፕ መለዋወጫ የሚያዋጣ ገበሬ ግን ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ ይፈልጋል።

ለዚህ መልስ የሰጠው በፊንላንድ ርዳታ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል፣ ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ፣ ይሠራ የነበረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ እንደ ሌላው ሁሉ ዕቃ ገዝቶ፣ ተቋራጭ ልኮ፣ ሠርቶ ያስረክብ ነበር። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ አሠራሩን ገለበጠው። መንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ያመለክታል፤ ከወጪው የራሱን ድርሻ በጥሬ ገንዘብ፣ በጉልበት፣ በድንጋይና በአሸዋ ያዋጣል። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ ይለው በነበረው፣ በኩል ለኮሚቴው ይደርሳል። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሂሳብ የሚያወራርደው ኮሚቴው ነው። የወረዳው ባለሙያ ያማክራል፣ ይቆጣጠራል።

ፊርማ የማያውቁ ገበሬዎች ገንዘቡን ይበሉታል የሚል ሥጋት መኖሩ አይቀርም። ሆኖም በዚህ መንገድ የተሠሩት የእጅ ጉድጓዶችና የጎለበቱ ምንጮች ከሌሎቹ በተሻለ አገልግሎት ላይ ቆዩ። ምክንያቱ ብዙ ምርምር አይሻም፤ ሲሚንቶውን በራሱ እጅ የገዛ ኮሚቴ ፓምፑ ሲሰበርም ዕቃው ከየት እንደሚገኝ ያውቃል። ከሁሉም ማሻሻያ ቁጥር አንድ የምለው ይህን ነው፤ የተወለደውም በአዋጅ ሳይሆን በአማራ ገጠር ነው።

አዲስ አበባ ግን ወደ ቁጥር ሮጠች። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሁሉን አቀፍ የተደራሽነት ዕቅድ በሰባት ዓመት ውስጥ 98 በመቶ ገጠሬ ንጹሕ ውኃ ያገኛል አለ። አልሆነም። በ2003 ዓ.ም. አገር አቀፍ ቆጠራ ሲካሄድ ከተሠሩት የገጠር ውኃ ተቋማት ሩብ ያህሉ እንደማይሠሩ ታየ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የውኃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች በአንድ ዕቅድና በአንድ በጀት ሊሠሩ የተስማሙበት ዋን ዋሽ ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ የደጋው የኮሚቴ አሠራርም እንደ አንድ የአፈጻጸም ስልት ታወቀ። ዕድገት አልነበረም ማለት ሐሰት ይሆናል። በተባበሩት መንግሥታት መለኪያ የተሻሻለ የመጠጥ ውኃ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ በ1990 እ.ኤ.አ. 13 በመቶ ከነበረበት በ2015 እ.ኤ.አ. 57 በመቶ ደርሷል።

በመካከሉ የሚኒስቴሩ ሰሌዳ አላረፈም። በ2003 ዓ.ም. ውኃና ኢነርጂ ተባለ፤ ከዚያ መስኖ ገባ፤ ኢነርጂ ወጥቶ ኤሌክትሪክ ተተካ፤ ኢነርጂ ተመለሰ፤ በ2014 ዓ.ም. መስኖው ወጥቶ እንደገና ውኃና ኢነርጂ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ተጉዞ የተነሳበት ስም ላይ ደረሰ።

ርብም ተገደበ። በፋርጣና በእብናት መካከል የቆመው ግድብ ከ73 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ተሠራ። ግንባታው ብቻ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ከአሜሪካኖቹ ጥናት ከተቆጠረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው። መስኖው የታሰበው ለፎገራ ነው፤ ለሩዝ ገበሬው እሰየው ነው። የእብናት ደጋ ግን ከግድቡ በላይ ስለሆነ ውኃው አይወጣለትም፤ ተስፋው አሁንም የጎለበተ ምንጭና የእጅ ጉድጓድ ነው።

የእነዚህን ምንጮች ታሪክ የያዘው የሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት ሳይሆን ኮሚቴዎቹ የጻፉባቸው ደብተሮች ናቸው፤ ማን ስንት ብር አዋጣ፣ ማን ስንት ቀን ድንጋይ ተሸከመ፣ ፓምፑ መቼ ተሰበረ፣ በማን ተጠገነ። ብዙዎቹ በየሣጥኑ እየተበሉ ነው። በእብናት፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በደራ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ የነበራችሁ ሰዎች ደብተራችሁን አትጣሉት። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ቅርባችሁ ነውና ሰብስቦ ያኑረው።