ለኮንስትራክሽን ድርጅት የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ስንመርጥ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። ይህ አባባል በራሴ ላይ ሲደርስ ያየሁት በ2013 ዓ.ም. በፋይናንስ ኃላፊነት እሠራበት በነበረ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ በወቅቱ በሦስት ሳይቶች ላይ ሥራ ነበረው። ሰዓት ተቆጣጣሪው የሠራተኛውን ስም በየቀኑ በወረቀት ይመዘግባል፤ ወረቀቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ወደ ኤክሴል እየገለበጥን ፔሮል እናዘጋጃለን። ሥራው አሰልቺ፣ ስህተቱ የበዛ፣ ክርክሩም የማያልቅ ነበር። በመሆኑም አንድ ሻጭ ቢሮአችን ድረስ መጥቶ በፕሮጀክተር ያሳየንን ሶፍትዌር ከነጣት አሻራ ማሽኑ ገዛን። ምርጫውን ያጸደቅሁት እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው የክፍያ ቀን አንድ የአርማታ ሠራተኛ ከሳይት ተነስቶ ቢሮዬ ድረስ መጣ። በእጁ የተጣጠፈች ትንሽ ደብተር ይዟል። «ጌታዬ፣ ማሽኑ ያለውን አላውቅም፤ እኔ ግን የሠራሁትን ቀን በቀን ጽፌዋለሁ» አለኝ። ደብተሩንና ሲስተሙን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናመሳክር ትክክል የነበረው ደብተሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሶሌታ ሙሌት ከተጀመረ በኋላ እንደ ልብ የሚቋረጥ ሥራ አይደለም፤ ቡድኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ገብቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወጥቷል። ሶፍትዌሩ ግን ቀኑን የሚቆርጠው በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መግቢያ እንጂ መውጫ የለም ብሎ «ግማሽ ቀን» ሲል መዘገበ፤ በማግስቱ ደግሞ መውጫ እንጂ መግቢያ የለም ብሎ ጨርሶ ጣለው።

ለስሌት እንዲቀለን የዚያ ሠራተኛ የቀን ሒሳብ 480 ብር፣ ማለትም በሰዓት 60 ብር ነበር እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመደበኛው 8 ሰዓት 480 ብር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ለሠራቸው ሁለት የሌሊት ሰዓታት ደግሞ ክፍያው በ1.75 ተባዝቶ 210 ብር ይጨመርለታል፤ ድምሩ 690 ብር ነው። ሲስተሙ ያሰበለት የግማሽ ቀኑን 240 ብር ነው። በአንድ ሌሊት ብቻ የ450 ብር ልዩነት ማለት ነው።

ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሶፍትዌር ሪፖርቱ አምሮ ስለታየ አይገዛም። አንድ የሥራ ቀን ሳይት ላይ በትክክል መመዝገብ ይችላል ወይ ተብሎ ነው መፈተን ያለበት። ከዚያ ወዲህ ለተለያዩ ተቋራጮች በዚሁ ጉዳይ ላይ የማማከር ዕድል ስላገኘሁ፣ ለመግዛት ላሰቡ የሙያ አጋሮቼ ይጠቅማል ያልኩትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በቅድሚያ፣ ያስፈልገናል ወይ?

አንድ ሳይትና ሠላሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሚገባ የተዘጋጀ የኤክሴል ቅጽና ታማኝ ሰዓት ተቆጣጣሪ ካለው ይበቃዋል። ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ሳይቶች ሲበዙ፣ ሠራተኛ ከሳይት ወደ ሳይት ሲዛወር፣ እንዲሁም ቋሚ፣ ጊዜያዊ፣ የቀን ሠራተኛና በቁርጥ የሚሠራ ሙያተኛ በአንድ ላይ ሲኖር ነው። ችግሩ የሌለ ሰው ስም እየሞሉ የሚያስከፍሉ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ሶፍትዌር ብቻውን አያድንም። ስሙን የሚመዘግበው፣ የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚከፍለው የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። በወረቀት ያልተለየ ኃላፊነት በኮምፒውተር አይለይም።

የመግቢያና የመውጫ ምዝገባ

የጣት አሻራ ማሽን ለቢሮ ሠራተኛ ጥሩ ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካና ብሎኬት የሚደረድር ሰው ግን የጣቱ ቆዳ ስለሚፋቅ ማሽኑ ብዙ ጊዜ አያነበውም። የእኛ ሳይት ላይ ጧት ጧት ረጅም ሰልፍ ይፈጠር ነበር፤ ሰልፉን ለማሳጠር ሲባልም ፎርማኑ በራሱ የይለፍ ቃል ይመዘግብላቸው ጀመር። ያን ጊዜ ማሽኑ መኖሩ ትርጉም አጣ።

አማራጮቹ የፊት መለያ ማሽን፣ ካርድ፣ ወይም ፎርማኑ በስልኩ ቡድኑን ፎቶ እያነሳ የሚመዘግብበት አሠራር ናቸው። ካርድ ርካሽ ቢሆንም አንዱ የሌላውን ይዞ ሊገባ ይችላል። የፊት መለያ ከአሻራ የተሻለ ቢሆንም አቧራና የፀሐይ ነጸብራቅ ያስቸግረዋል፤ በጥላ ሥር መተከል አለበት። የስልኩ አሠራር ከከተማ ውጭ ለሚዘዋወር የመንገድ ሥራ ቡድን ይመቻል።

የትኛውም ቢመረጥ ሁለት ነገሮችን አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ መዝገቡን ይዞ ቆይቶ ሲመለስ ራሱ ይልካል ወይ? ሁለተኛ፣ በእጅ የተስተካከለ ምዝገባ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስተካከለው ምልክት ይተዋል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ «አይተውም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ውይይቱን እዚያው ብታቆሙት ይሻላል።

የአገራችንን ሕግ ያውቃል?

ከውጭ የሚመጡ ሶፍትዌሮች አብዛኛውን ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያን በአንድ ወይም በሁለት መጣኔ ብቻ ያውቃሉ። በእኛ ሕግ ግን አራት ናቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ ራሱ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ጥሩ ሶፍትዌር ከመብለጡ በፊት ያስጠነቅቃል እንጂ ካለፈ በኋላ ሪፖርት አያደርግም። የሙከራ ጊዜ ጣሪያ የሆነው 60 የሥራ ቀን ሲቃረብም እንዲሁ ማስታወስ ይኖርበታል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቁጥሮቹ ያለ ሻጩ እርዳታ መቀየር መቻላቸው ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጣኔዎች 1.25 እና 1.5 ነበሩ። የገቢ ግብሩም በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው ወርሃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። መጣኔው ፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ በየማሻሻያው ለሻጩ እንደገና መክፈል ይመጣል። እያንዳንዱ መጣኔ የሚጸናበት ቀን ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ያለፈውን ዓመት ፔሮል መልሶ ማውጣት ሲያስፈልግ በአዲሱ ስሌት እያሰበ ሰነዱን ያበላሸዋል። በሠራተኛ 7 በመቶ፣ በአሠሪ 11 በመቶ የሚታሰበው የግል ድርጅት ጡረታ መዋጮም እንደዚሁ ነው።

በዓላትም አሉ። ኢድ አል ፈጥር በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ትክክለኛው ቀን የሚረጋገጠው በዋዜማው ሊሆን ይችላል። የበዓል ቀን በደቂቃ ውስጥ መጨመር የማይቻልበት ሲስተም 2.5 የሚከፈልበትን ቀን እንደ ተራ ቀን ያልፈዋል።

ካላንደርና ስም

ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ያባከነ ጉዳይ ነው። ደመወዝም ግብርም በእኛ ወር ነው የሚሠራው፤ ሶፍትዌሩ ግን በፈረንጅ ወር። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ላይ ውሏል። «ወሩ ሁልጊዜ በ11 ይጀምራል» ተብሎ የተሞላ ሲስተም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይሳሳታል። ጳጉሜንም አትዘንጉ። ለወር ደመወዝተኛው የተለየ ክፍያ በማይታሰብበት ድርጅት ውስጥ እንኳ የቀን ሠራተኛው በጳጉሜን የሠራቸው ቀናት መቆጠር አለባቸው። ሻጩን «የጳጉሜንን ፔሮል አሁን እዚሁ ሠርተህ አሳየን» በሉት።

ስምን በተመለከተ ሲስተሙ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ብሎ ሦስት ቦታ ሊሰጥ ይገባል። «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» በሁለት ሳይት ሁለት ሰው ሆነው መመዝገባቸው የተለመደ ነው። በዚህ ረገድ ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ትልቅ ረዳት ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ሲስተሙ መከልከል አለበት። በሌላ በኩል አሻራና የፊት ምስል ጥብቅ ጥበቃ የሚሻ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና ሠራተኛው ሲለቅ መቼ እንደሚጠፋ በውሉ ላይ መጻፍ ለአሠሪው ራሱ መከላከያ ነው።

ሰዓቱ ለየትኛው ሥራ ዋለ?

ብዙዎቻችን ሶፍትዌሩን ለፔሮል ብቻ እንገዛዋለን። ለተቋራጭ ከዚያ የሚበልጠው ጥቅም ግን የሠራተኛው ሰዓት ለየትኛው ሥራ እንደዋለ ማወቁ ነው። ፎርማኑ ማታ ላይ «አሥር ሰው ፌሮ፣ ስድስት ሰው ፎርምወርክ፣ አራት ሰው ቁፋሮ» ብሎ በሥራ ዝርዝሩ ኮድ ከመዘገበ፣ ድርጅቱ አንድ ሜትር ኪዩብ አርማታ ስንት የሰው ሰዓት እንደሚፈጅበት ከራሱ ልምድ ያውቃል። ቀጣዩን ጨረታ በግምት አይሞላም።

ሌላም ጥቅም አለው። ዲዛይን ዘግይቶ ወይም ቦታው ከይገባኛል ባይ ሳይጸዳ ቀርቶ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ቢውል፣ ተቋራጩ ካሳ ሲጠይቅ የሚቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማስረጃህ የታለ?» የሚል ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 መሠረት ማስታወቂያው በ28 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በወቅቱ የተያዘ መዝገብም ይፈለጋል። «ሥራ ፈት» የሚል ኮድ ከነምክንያቱ በየዕለቱ የሚይዝ ሲስተም ካለ ማስረጃው ዝግጁ ነው። ኮዶቹ ግን ከሃያ ባይበልጡ እመክራለሁ። ሁለት መቶ ኮድ የተሰጠው ፎርማን የመጀመሪያውን ብቻ እየመረጠ ያልፋል።

የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞችን ክፍያ ባናስብ እንኳ በር ላይ መግባታቸውና መውጣታቸው ይመዝገብ። አደጋ ሲደርስ ሳይቱ ውስጥ ማን እንዳለ የማያውቅ ድርጅት ማንን እንደሚፈልግም አያውቅም።

ዋጋና ውል

የአከፋፈሉ ዓይነት ከዋጋው እኩል ይታይ። በተመዘገበ ሠራተኛ ልክ የሚያስከፍል ሶፍትዌር ለባንክ ይስማማል፤ የቀን ሠራተኛ በየሳምንቱ ለሚለዋወጥበት ሳይት ግን ውድ ነው። ቢያንስ በወሩ በሠሩት ሰዎች ልክ ይሁን፣ ወይም በሳይት። በዶላር የሚከፈል ዓመታዊ ኪራይም ሥጋት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

እንደ ኢአርፒኔክስት ያሉ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ የላቸውም። ከሕጋችንና ከካላንደራችን ጋር የሚያስማማ ባለሙያ ግን ይፈልጋሉ፤ ወጪው እዚያ ላይ ነው። የኦዱ ነጻ እትም ደግሞ ከሚከፈልበት እትሙ ያነሱ ነገሮችን ስለሚይዝ ፔሮሉ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሒሳብ ክፍሉ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ ፔሮሉ በፋይል የሚተላለፍበትን መንገድ፣ ለባንክና ለቴሌብር የሚላክ የክፍያ ዝርዝር ማውጣት መቻሉንም አረጋግጡ። በመጨረሻም «ውሉ ሲያበቃ መረጃችንን በሙሉ በኤክሴል እንወስዳለን» የሚል አንቀጽ ይግባ።

ሳይፈተን አይገዛ

ከሙሉ ክፍያ በፊት አንድ ሳይት ላይ፣ ሁለት የክፍያ ዙር፣ ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን ይሠራ። የተሻለው ሳይት አይመረጥ፤ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት፣ የሌሊት ሙሌት ያለበት፣ ንዑስ ተቋራጭ የሚገባበት ሳይት ይሁን። በሙከራው ሰዓት ተቆጣጣሪው፣ ፎርማኑና ካቦው ይሳተፉ። አዲሱ ሲስተም ሥራ የሚጨምርባቸው ከሆነ ምክንያታቸውን ስሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አላቸው።

ከሁሉም በላይ ሠራተኛው የራሱን መዝገብ በዕለቱ ማየት ይቻለው። በአማርኛ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ አጭር የስልክ መልእክት፣ ካልሆነም በሳይቱ ቢሮ የሚለጠፍ ሳምንታዊ ዝርዝር ይበቃል። ሕጉም አሠሪው የክፍያ መዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲያስረዳው ያዛል። ስህተትን ቶሎ የሚያገኘው ከኦዲተር ይልቅ ገንዘቡ የጎደለበት ሰው ነው።

ያ ባለ ደብተር ሠራተኛ ከሄደ በኋላ የሦስቱንም ዙር ክፍያ እንደገና መረመርን። ሃያ ሦስት ሰዎች ተጎድተው ተገኙ። አሥራ ዘጠኙ ልዩነቱ ተከፈላቸው። አራቱ ግን ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር፤ የመዘገብነው ስልክ ቁጥርም አይሠራም። የእነርሱ ሒሳብ ለረጅም ጊዜ በተከፋይ ዝርዝራችን ላይ ሳይነካ ቆይቷል። ሻጩን መውቀስ ቀላል ነበር። እርሱ ግን ያሳየን የጠየቅነውን ብቻ ነው፤ የሌሊቱን ሙሌት ያልጠየቅነው እኛ ነን።